ዋጋው ያለ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል

ኦቦ በዳዳ ማረፋቸውን በስልክ የነገሩኝ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ናቸው። አዴ ጫልቱ ስልክ ሲይዙ ከማዶ ጋራ ላይ ሰው የሚጠሩ ይመስል ይጮሃሉ። የዚያን ቀን ግን ድምፃቸው አልቆ ነበር። «ሰናይት፣ ሰውዬው ሄደ» አሉኝ።

«የት ሄዱ?» አልኩ እንደ ጅል። ሰባ አምስትን ያለፈ ሰው «ሄደ» ሲባል የት እንደሚሄድ ማወቅ ነበረብኝ።

«የመኪናው ነገር ሳይሳካለት ሄደ» አሉና አለቀሱ። እኔም ኑሮዬን ካዞርኩባት ከሰበታ፣ የቤቴ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አብሬያቸው አለቀስኩ።

የመኪናውን ነገር በእኛ ቡራዩ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ኦቦ በዳዳ ገና ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ አንድ መኪና መሸጫ አዳራሽ ውስጥ የተቀጠሩት መኪና ሊያወለውሉ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አለቃቸው የእጅ ጽሑፋቸውን አየና ቡርሽና ቀለም ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እየወለወሉም እየጻፉም ኖሩ። የሚጽፉት ዋጋ ነው። አዲስ መኪና አዳራሹ ውስጥ ሲቆም መስታወቱ ሥር የምትቀመጠዋን ነጭ ካርቶን በእጃቸው ይጽፏታል፦ የመኪናው ስም፣ የበሩ ብዛት፣ ዋጋው በቀይ። ከታች ደግሞ ሁልጊዜ የማትቀር አንዲት መስመር አለች፦ «ዋጋው ያለ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል።»

ዋጋው ሲለወጥ አሮጌዋ ካርቶን ትጣላለች። ኦቦ በዳዳ ግን አንዷንም አልጣሉም። ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ቡራዩ ያመጡና በዱቄት ሙጫ የቤታቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፏታል። ግድግዳው ሲሞላ ወደ ኮርኒሱ ወጡ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ ሳይ ቆየሁ። ሰው ጋዜጣ ይለጥፋል፣ የቅዱሳን ሥዕል ይለጥፋል፤ እሳቸው የመኪና ዋጋ ለጥፈው ከሥሩ ይተኛሉ። «ብርድ ይከላከላል» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። ያኔ አስፋልቱ ዳር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። የመኪና፣ የቤት፣ የመሬት ሽያጭ ውል እጽፋለሁ፤ እሳቸው ደጃፌ ያለው አግዳሚ ላይ ካፖርታቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። ምስክር የጎደለበት ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ሻይ ግን አይመልሱም። ከውሉ በፊት ግን ገዥው የሚጠይቃቸው ነገር አለው።

«ኦቦ በዳዳ፣ የዘጠና ሰባት ሞዴል ራቭ ፎር አዲስ እያለች ስንት ነበረች?»

«በብር ልንገርህ በላም?»

«በብር ይንገሩኝ እንጂ! ላም ምን ያደርግልኛል?»

«በብር ብነግርህ ትናደዳለህ። ሁለት መቶ ሺህ አትሞላም ነበር። በላም ግን ሱሉልታ ላይ ሰማኒያ የወተት ላም መሸጥ ነበረብህ። ዛሬም ከዚያ ብዙ አትርቅም። መኪናዋም ሮጠች፣ ላሟም ሮጠች። የቆመው የኔ ደመወዝ ብቻ ነው።»

ሰዉ ይስቃል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ሲስቁ ትከሻቸው እንጂ አፋቸው አይንቀሳቀስም።

ለእኔም አስተማሪ ሆነውኛል፣ ሳልጠይቃቸው። ውል ስጽፍ ከኋላዬ ቆመው «ዜሮዋን ዝጊያት፤ በክፍት ዜሮ ሌባ ይገባል» ይሉኛል። «አባቴ፣ ኮምፒውተር ነው የሚጽፈው፣ ራሱ ይዘጋል» እላለሁ። «ኮምፒውተሩንም ቢሆን አትመኚው።» እስከ ዛሬ በእጄ ቁጥር ስጽፍ ዜሮዋን ሁለት ጊዜ እዞራለሁ።

ከመኪና ሁሉ ራቭ ፎር ለመግዛት ለምን እንደተመኙ የሰማሁት ከራሳቸው ነው። አዴ ጫልቱ የሱሉልታ ልጅ ናቸው። አባታቸው በአካባቢው ከብትም ፈረስም የሞላላቸው፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። በሠርጉ ቀን ኦቦ በዳዳ የተከራዩት መኪና ሳይመጣ ቀረ። ሚዜዎቹ በእግር ደርሰው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ጨረሰ፤ መኪናው የለም። ወደ ማታ ገደማ ድርቆሽ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ የጭነት መኪና ለመኑና ሙሽሪትን ከነቬሏ ድርቆሹ ላይ አወጧት። አማቱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያሏትን አንዲት ቃል ኦቦ በዳዳ እስኪሞቱ አልረሷትም፦ «ልጄን እንደ ድርቆሽ ጭነው ወሰዷት።»

«ያን ዕለት ማልኩ» አሉኝ። «በአዲስ መኪና፣ የወንበሩ ፕላስቲክ ሳይነሳ፣ አባትሽ ደጅ አደርስሻለሁ ብዬ። ብዙ መኪና ወልውያለሁ። አንዱ ለሹም ነው፣ አንዱ ለነጋዴ ነው። ይቺ ስትመጣ ግን በሯን ከፍቼ ውስጧን አየሁና፣ ይቺ የቤተሰብ ናት፣ ይቺ የጫልቱ ናት አልኩ።»

«አዴ ጫልቱስ ምን አሉ?»

«እሷማ ምን ትላለች፣ ሴት ልጅ እኮ ፍላጎቷን አታወጣም» አሉኝ፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው።

አማቱ ሞቱ። ቃሉ ግን አልሞተም። አዴ ጫልቱ ወንድሞቻቸውን ሊጠይቁ ሱሉልታ የሚሄዱት በሚኒባስ ነበር፤ ከቡራዩ አዲስ አበባ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። መስኮት ዳር ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ በእጃቸው የተጨመቀች ሎሚ ይዘው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ደረሱ። ለኦቦ በዳዳ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «የሚኒባስ ጠረን ነው። አዲስ መኪና እንደዚያ አይሸትም። ታያለሽ» አሉኝ። እኔ ለማየት ሃምሳ ዓመት ያለኝ መሰላቸው።

እንዲህ እያለን ነው የማስተር ፕላኑ ወሬ የመጣው። አዲስ አበባ እስከ እኛ ትሰፋለች ተባለ። ሰበታም ሱሉልታም ቡራዩም ይጠቀለላሉ ተባለ። ካርታውን አየሁ የሚል እንጂ ካርታውን ያሳየ ሰው አላጋጠመኝም። ገበሬው «መንግሥት በርካሽ ሳይወስድብኝ» እያለ ሲሰጋ፣ ደላላው «ዛሬ ካልሸጥክ ነገ ታለቅሳለህ» እያለ ያጣድፈው ጀመር። የእኔ ቤት ሥራ በዛ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በቀን አምስት ስድስት ውል እያተምኩ ከውሉ ጀርባ ማን እንዳለ አልጠይቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሰውዬ ራሳቸው ሻጭ ሆነው ገቡ።

ኦቦ በዳዳ ከአባታቸው የወረሱት መሬት ገፈርሳ በኩል አለ። የሚያርሰው ታናሽ ወንድማቸው ቱሉ ነው፤ አራት ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ መሬት ብቻ ነው። መሬቱ ግን በኦቦ በዳዳ ስም ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ገዥ በደላላ በኩል አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ አቀረበ። ኦቦ በዳዳ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤታቸው ደውለው የራቭ ፎርን የዘንድሮ ዋጋ ጠየቁ። አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ።

«ከሃያ ዓመት በኋላ ደረስኩባት፣ ሰናይት» አሉኝ። ዓይናቸው የልጅ ዓይን ሆኖ ነበር።

ገዥው አንዱ ወንበር ላይ ነው፤ ደላላው ከጎኑ። ቱሉ በር ላይ ቆሟል፣ የጭቃ ቦት ጫማውን ይዞ ላለመግባት። ኦቦ በዳዳ ዞር ብለው «ትስማማለህ?» ሲሉት መሬት መሬት እያየ «አቲ ቤክታ» አለ። አንተ ታውቃለህ ማለቱ ነው። ታላቅን እንዴት እምቢ ይላል?

ውሉን ጻፍኩ። ዋጋው ጋ ስደርስ ኦቦ በዳዳ አስቆሙኝ። «ክፍት ተዪው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዋጋ ጽፌ የኔን ሌላ ሰው ሊጽፍልኝ ነው?» አሉ። አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። በዚያ በሚያምር እጃቸው ቁጥሩን ጻፉ፤ ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ዘጉ። ከዚያ እጃቸው ሳይቆም ወደ ታች ወርዶ ሌላ መስመር ጨመረ። ወረቀቱን ለገዥው ሰጡት።

ገዥው አነበበና ቀና አለ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ደላላው ነጠቀው። «‹ዋጋው ያለ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል?› ኧረ አባባ! እየተቀለደብን ነው እንዴ? ነገ ጨምሩ ሊሉን ነው?»

ኦቦ በዳዳ ደነገጡ። «እጄ ነው፣ ልጆቼ። እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው። ልማድ ሆኖበት…» እያሉ ወረቀቱን ሊቀበሉ ተነሡ። እኔም «ችግር የለም፣ ሌላ አትማለሁ» ብዬ ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። ገዥው ግን ነገሩ የገበያ ብልጠት መሰለው። ከደላላው ጋር ተንሾካሾከና «እሺ፣ ገብቶኛል። ሃምሳ ሺህ ልጨምር። ከዚህ በላይ ግን እንዳይጠይቁኝ» አለ።

ከዚያ የኦቦ በዳዳ ትከሻ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አየሽ፣ ሰናይት? ተለወጠ! ቀለሙ ሳይደርቅ ተለወጠ!»

ሳቃቸው ሲበርድ ቱሉን አዩት። ጫማውን ነው ያዩት፤ የአባታቸው መሬት ጭቃ ነው የያዘው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉና ኪሳቸው ከተቱ።

«መኪና እንዲህ ይሸጣል» አሉ ለገዥው በትሕትና። «አንዷ ብትሸጥ ሌላዋ ትመጣለች፣ ካርቶኗን እቀይራለሁ። ለአባቴ መሬት ካርቶን ጻፍኩለት እኮ፣ ልጄ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ አደከምኩህ። አልሸጥም።»

ደላላው የተናገረውን አልጽፈውም። ቱሉ በሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሁሉም ሲወጡ ኦቦ በዳዳ ብቻቸውን ቀሩና «አሁን ጫልቱን ምን እላታለሁ?» አሉኝ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ መለሱ።

ወራት አለፉ። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ እየበረታ መጣ፤ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ አንድ ቀን መንገድ ይዘጋል፤ የሞተ ልጅ ስም እየሰማን እንውላለን። አንድ ረፋድ ላይ አስፋልቱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ። ሱቄን ቆልፌ ወደ ኦቦ በዳዳ ግቢ ሮጥኩ። አዴ ጫልቱ ውሃ እየሰጡኝ ሳለ በሩ ላይ ጥሩምባ ጮኸ። ኦቦ በዳዳ የቆርቆሮውን በር በሰፊው ከፈቱት። ከአምቦ መንገድ የምትመጣ፣ የጎን መስታወቷ የረገፈ ነጭ ራቭ ፎር ገባች። ውስጧ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች አሉ። እናትየው ልጆቹን ደረቷ ሥር ደፍታቸዋለች።

እኔ መኪናዋን ሳይ በዚያ ሰዓት እንኳ የኦቦ በዳዳን ፊት ለማየት ዞርኩ። እሳቸው ግን ሰዎቹን እያስገቡ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ወጣቶቹ መጡ። ቁጣ ላይ ነበሩ፤ ምክንያትም ነበራቸው። ከመካከላቸው ግማሾቹ ፎቶ ኮፒ ደንበኞቼ ናቸው። ኦቦ በዳዳ በሩ መሐል ካፖርታቸውን ደርበው ቆሙ።

«ኢጆሌ ኮ፣ አካም ጅርቱ» አሉ። ልጆቼ፣ እንደምናችሁ።

«ኦቦ በዳዳ፣ ያ መኪና የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«የርስዎ?»

«የኔ ነው አልኩ። ሃያ ዓመት እንደጠበቅኩ አታውቁም?»

ልጆቹ ተያዩ። ያንን ታሪክ ያልሰማ ከመካከላቸው አልነበረም። ከፊት ያለው፣ ድንጋይ የያዘው፣ በእሳቸው ትከሻ አሻግሮ መኪናዋን አየ፣ መልሶ እሳቸውን አየ። ያመናቸው አይመስለኝም። ድንጋዩን ግን ወደ ጎን ጣለውና «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አባቴ» አለ። ሄዱ። ኦቦ በዳዳ በሩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ» አሉኝ።

ሰዎቹ ሁለት ቀን ተቀመጡ። ኦቦ በዳዳ እንደ ድሮ ሥራቸው ጨርቅ ነክረው ያችን መኪና ከአፍንጫዋ እስከ ጎማዋ ወለወሏት። በሁለተኛው ቀን ወደ ባለመኪናው ጠጋ ብለው «ባለቤቴን ለአንድ አፍታ ባስቀምጣት ትቆጣለህ?» ሲሉት ሰውዬው አፈረ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሎሚያቸውን ይዘው የፊት ወንበር ላይ ወጡ። ኦቦ በዳዳ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አሉ አዴ ጫልቱ ፊት ፊታቸውን እያዩ። መኪናዋ ቆማ ነው። እሳቸው ግን የበሩን እጀታ አጥብቀው ይዘዋል።

መንገዱ ሲከፈት ባለመኪናው «ሱሉልታ ሳላደርሳችሁ አልሄድም» ብሎ ድርቅ አለ። ኦቦ በዳዳ እምቢ አሉ። «ቃል የገባሁት በሰው መኪና አይደለም» አሉት። አዴ ጫልቱ ረዥም ትንፋሽ ሲተነፍሱ ሰማሁና ልቤ ተሰበረ። ዕድላቸው ደጃቸው መጥታ የተመለሰች መስሎኝ ነበር።

ያቺ ትንፋሽ ምን እንደነበረች የገባኝ አሁን፣ ከኦቦ በዳዳ አርባ በኋላ ነው። ቆርቆሮው እያፈሰሰ ኮርኒሱ ስለበሰበሰ ቱሉና ልጆቹ ሊያድሱት ሆነ። አዴ ጫልቱ ጠሩኝ። «አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ከመቅደዳቸው በፊት የቱን እንደማስቀር ንገሪኝ» አሉ። እሳቸው አያነቡም። ያን ሁሉ ዘመን ከቀይ ቁጥር ሥር ተኝተው ኖረዋል።

ወንበር ላይ ወጥቼ ከአልጋው በላይ ያሉትን ማንሳት ጀመርኩ። ከአዴ ጫልቱ ትራስ በላይ ያሉት ሁሉ የራቭ ፎር ናቸው። የመጨረሻዎቹ የአዳራሹ ካርቶን አይደሉም፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ በስልክ እየጠየቁ ብስኩት ካርቶን ላይ የጻፏቸው ናቸው። ያቺን የታች መስመር በልማዴ ዘልዬ ላልፍ ስል ቆምኩ። ከሥሯ በእርሳስ የተጻፈ ሌላ መስመር አለ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«‹ጫልቱ፣ ትንሽ ታገሺኝ› ይላል።»

ቀጣዩን አነበብኩላቸው። በአንዱ ዓመት «ዘንድሮ ቀርቤ ነበር» ይላል። ልጃቸው ሆስፒታል በተኛችበት ዓመት «የያዝነው ለልጅቷ ወጣ፣ ለከርሞ» ይላል። ሌላው «አመለጠችኝ» ብቻ ነው። በብስኩት ካርቶን ከተጻፉት አንዱ ላይ፣ ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ሥር፣ «መሬቱን ልሸጥልሽ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር በይኝ» ይላል። ቱሉ የያዘውን ምስማር መንቀያ መሬት ላይ አስቀመጠ። የመጨረሻዋ ካርቶን ላይ ዋጋ የለም። «ዋጋዋን መጠየቅ ተውኩ። ባሳፈርኩሽ ቀን ያልኩሽን ግን አልተውኩም» ትላለች።

ከወንበሩ ወረድኩ። አዴ ጫልቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካርቶኗን ከእጄ ወሰዱና ፊደሎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«እኔን መኪና አይስማማኝም እኮ፣ ልጄ» አሉ።

«ምን አሉ?»

«መኪና ያስመልሰኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ። አሮጌም አዲስም። ስንቴ ነገርኩት! ቢኖርህም አልሄድበትም አልኩት። የድሃ ሚስት ሆና፣ ልታጽናናኝ ነው ይል ነበር። ያ ሰውዬ ያን ነጭ መኪና ይዞ ላድርሳችሁ ሲል ነፍሴ ልትወጣ ነበር።»

ሎሚዋ፣ የበሩ እጀታ፣ ያቺ ትንፋሽ ሁሉ አንድ ላይ መጡብኝ። ልስቅ ነበር፤ ግን ጨርሰው አልተናገሩም።

«በዕድሜዬ ያላስመለሰኝ መኪና አንድ ብቻ ነው» አሉ። «ድርቆሹ ላይ ሲያወጡኝ ነፋሱ ፊቴን ይመታኛል፣ ድርቆሹ ይሸታል። እሱ እንዳልወድቅ ወገቤን ይዞኛል። ከእንጦጦ ስንወርድ አዲስ አበባ መብራቷን አብርታ ነበር። መንገዱ እንዳያልቅ ብዬ እጸልይ ነበር፣ ሰናይት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል።»

ካርቶኗን በነጠላቸው ጠረጉና ለቱሉ ሰጡት።

«ሌላውን ቅደዱት። ይቺን መልሰህ እዚያው ለጥፍልኝ» አሉት።